እትዬ መጽሐፍ የምትመርጠው በጉልበቷ ነው

በየቤተሰቡ እንደ ስሜቱ የሚያነብ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ቤታችሁ ውስጥ መጽሐፍ የለም፣ ወይ ያ ሰው እናንተው ናችሁ።

ልብ ወለድ የሚያነበውን ማለቴ አይደለም። እሱ ጤነኛ ነው። የከፋው የሚያስቅ፣ የሰለቸው የሚያስደነግጥ ታሪክ ያነሳል፣ አንብቦ ይተኛል፣ ማንም አይጎዳም። እኔን ዕድሜ ልኬን ሲያስደነግጠኝ የኖረው ስለ እውነተኛ ነገር የተጻፈውን መጽሐፍ፣ ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ውርስ ሕግ የተጻፈውን፣ «ዛሬ አሰኘኝ» ብሎ የሚያነሳው ሰው ነው። እስቲ ይታያችሁ! ልብ ያለው ሰው ስለ ኩላሊት የሚያነበው ኩላሊቱን ሲያመው ነው። የሕግ መጽሐፍ የሚገልጠው ክስ ሲመጣበት ነው። ምንም ሳይሆን ስለ ኩላሊት ማንበብ ሰውን እንዴት ያሰኘዋል?

እትዬን ያሰኛታል።

ክብርት እህቴ፣ የቤታችን የበኩር ልጅ፣ እኔን በሰባት ዓመት የምትበልጠኝ፣ ልብስ ሰፊ ናት። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ተራውን የሚጠብቅ የጨርቅ ክምር፣ ከጨርቁ የማይተናነስ የመጽሐፍ ክምር አላት። ቀኝ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ብርሃን እንጂ ፊደል ስለማይለይ፣ የያዘችው መጽሐፍ ምንጊዜም ከመኪናው በስተግራ ተከፍቶ ይቀመጣል። እግሯ መርገጫው ላይ፣ እጇ ጨርቁ ላይ፣ ያቺ አንድ ዓይኗ አንዴ መርፌው ላይ አንዴ ገጹ ላይ። በዚህ ሁኔታ ሠላሳ ዓመት ስትሠራ መርፌ ወጋኝ ስትል ሰምተን አናውቅም።

ልብ ወለድ በደጇ አያልፍም። «ውሸት ካማረኝ ደንበኞቼ አሉልኝ» ትላለች። «ወገቡን ስለካው ትንፋሹን ያልዋጠ አንድ ሰው አሳየኝ።»

መጽሐፍ ስትመርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ቀን ያደረብኝ ድንጋጤ እስካሁን አለቀቀኝም። እሷ ሱቅ አጠገብ አንድ መጽሐፍ ቤት አለ፤ ባለቤቱን መነጽራሙ እንለዋለን። እትዬ ገባች። ርዕስ አላየችም፣ የደራሲ ስም አልጠየቀችም፣ የጀርባ ሽፋን አላነበበችም። እውነተኛ ነገር የተጻፈባቸው መጻሕፍት ወዳሉበት መደርደሪያ ሄዳ አንዱን መዘዘች፣ መሐሉን ገለጠች፣ ቆማ አነበበች። መለሰች። ሌላ መዘዘች፤ አነበበች፤ መለሰች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ቀስ ብሎ መታጠፍ ጀመረ። መነጽራሙ ከየት መጣ ሳልል ከኋላዋ ወንበር አስጠጋ። እትዬ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል ተቀመጠች።

«ያዘኝ» አለች።

መጽሐፉን አየሁት። ስለ ድንች በሽታ ነው።

«ምኑ ነው የያዘሽ?» አልኳት።

«ጉልበቴ ታጠፈ እኮ! አላየህም?»

ወደ መነጽራሙ ዞርኩ። እሱ ደግሞ እንደ ትልቅ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። «እሳቸው ጉልበታቸው ካልታጠፈ አይገዙም። እኔም ብሆን የሚያነሱትን መጽሐፍ ማየት ከተውኩ ቆየሁ፤ ጉልበታቸውን ነው የማየው። አንድ ጊዜ ወንበሩን ሳላደርስ ቀርቼ መሬት ላይ ዘፍ ብለዋል። መጽሐፉን ግን አልለቀቁም።»

«ስለ ምን ነበር?»

«ስለ ምድር መንቀጥቀጥ።»

የተከበረ ባለትዳር ሰው፣ የእህቴን ጉልበት አተኩሮ እንደሚመለከት ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲነግረኝ ዓይኔን አፈጠጥኩበት። እትዬ ግን ቀና ብላ፣ «ምን ያስደነግጥሃል? ጭንቅላት ይሸወዳል። አንብቢ የተባልሽውን አንብቢ፣ ይጠቅምሻል፣ ሰው ሁሉ አንብቦታል ይለኛል። ጉልበት ግን ሰው አይሰማም» አለችኝ። ከዚያ ስለ ድንች በሽታ አምስት ምዕራፍ ሙሉ ተረከችልኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሯን ማጥናት ጀመርኩ። ስሜትና መጽሐፍ እትዬ ዘንድ እንዴት እንደሚገናኙ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ የደረስኩበትም ነገር ከጠበቅሁት የተገላቢጦሽ ነው። ስትደሰት እልቂት ታነባለች። የልጇ ምረቃ ዕለት ጠዋት፣ ሁላችን ለባብሰን በር ላይ ስንጠብቃት፣ እሷ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ወረርሽኝ ታነብ ነበር። በዚያ ቀን በተነሣነው ፎቶ ሁሉ ላይ ብብቷ ሥር የራስ ቅል የተሳለበት ሽፋን ይታያል።

«ኧረ እትዬ፣ ዛሬ እንኳን!» አልኳት።

«ዛሬ ካልሆነ መቼ ልቻለው? ሆድ ብሶኝ እያለ ስለ ወረርሽኝ ላንብብልህ?»

ሲከፋት ደግሞ ስለ ሲሚንቶ ነው። እናታችን ያረፈች ሰሞን ሁለት መቶ ገጽ ስለ ሲሚንቶ አነበበች። አሸዋው በምን ያህል፣ ውኃው በምን ያህል፣ በስንት ቀን ይጠነክራል። ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ሳለ ያንን ስታነብ አገኘኋት። «የሆነ የሚጠነክር ነገር ማየት ፈልጌ ነው» አለችኝ፣ ገጹን እየገለጠች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ስለ ሲሚንቶ አነበብኩ። እውነት ለመናገር ቀለል አለኝ።

ስትናደድ ስለ ንብ ታነባለች። ንቦች ሥርዓት አላቸው፤ የተሰጣቸውን ቀጠሮ ያከብራሉ፤ ልብስ አሰፍተው አይጠፉም።

ቤተሰቡም ይህን አውቆ ተጠቃሚ ሆኗል። እትዬን አንድ ነገር ለመጠየቅ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ባለቤቷ ጋ ይደውላል። ባለቤቷን ጋሼ እንለዋለን፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አብራችሁት ብትውሉ ከእሱ የምትሰሙት ቃል በጣታችሁ ይቆጠራል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ላይ ናት?»

«ንብ ላይ።»

«በሉ በሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ይኸው ጋሼ አንድ ቀን ራሱ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ምን አጠፋሁ?» ይለኛል። ለካ እትዬ ከስፌት መኪናዋ በስተግራ የፍቺ ሕግ ዘርግታለች! ድፍን አራት መቶ ገጽ! ጋሼ ምንም ሳይጠይቃት፣ ምንም ሳይናገር፣ በሦስት ቀን ውስጥ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠግኖ፣ የተቃጠለውን አምፖል ሁሉ ቀይሮ፣ ሁለት ዓመት ሲለመን የኖረውን የኩሽና መደርደሪያ ሰቅሎ፣ ሳህን ማጠብ ጀምሯል። እየሮጥኩ ሱቋ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ምን ሆናችሁ ነው?»

«ምን ሆንን?»

«መጽሐፉ!»

«ውይ እሱማ! ንብረት ሲካፈሉ ያለውን ክፍል ብታየው! በአንድ ጭልፋ አሥራ አንድ ወር የተከራከሩ አሉ።» ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

«ለምን አነሣሽው?»

«ከጋሼ ጋር በጣም ሰላም ስለሆንን ነዋ። አሁን ካላነበብኩት መቼ ላነበው ነው?» ከዚያ ወደ በሩ ተመልክታ ድምጿን ቀነሰች። «ደግሞ እንዳትነግረው። ጣሪያው ይቀራል።»

እንግዲህ ይህቺ ናት እህቴ። እስካሁን ሳወራችሁ እየሳቅሁ ነው። አሁን ግን የምናገረው የራሴን ቁስል ነው።

እኔም መጽሐፍ ጽፌያለሁ። ስድስት ዓመት የፈጀ፣ እውነተኛ፣ ተመርምሮ የተጻፈ፣ ልብ ወለድ ያልነካው መጽሐፍ። ስለ ደረጃ ነው። አዎ፣ ስለምንወጣውና ስለምንወርደው ደረጃ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዤ በቀጥታ የሄድኩት እሷ ዘንድ ነው። ተቀበለችኝ፣ ግራና ቀኝ ሳመችኝ፣ ቆማ መሐሉን ገለጠች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእህቴን ጉልበት አተኩሬ አየሁ።

ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ ገጽ አነበበች። ንቅንቅ የለም።

«ስሜቱ ሲመጣ አነበዋለሁ» ብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«የምን ስሜት?»

«የደረጃ ስሜት።»

«የደረጃ ስሜት የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«ካላወቅከውማ ለምን ጻፍከው?»

አራት ዓመት! አራት ዓመት መጽሐፌ እዚያ መደርደሪያ ላይ ቁጭ አለ። በእነዚህ አራት ዓመታት እትዬ ስለ ጭቃ አነበበች። ስለ ጥርስ አነበበች። ስለ ፖስታ ቤት አመሠራረት አነበበች። አንድ ቀን ስገባ ደግሞ በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ማመን አቃተኝ፤ ስለ ሊፍት እያነበበች ነው! ስለ ሊፍት! ደረጃን ከሥራ ስላስወጣው ማሽን! ሰላም ሳልላት ተመልሼ ወጣሁ፤ ለሁለት ሳምንትም አልደወልኩላት።

ሰው ይታዘበኛል። አንድ መጽሐፍ አላነበበችልኝም ብሎ በዚህ ዕድሜው የሚያኮርፍ ወንድም ትሉኛላችሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ስለማታውቁት ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ስላደግንበት ቤት የእንጨት ደረጃ ነው። ስድስት ዓመቴ ላይ መምህሬ «ይህ ልጅ ፊደል አይገባውም» ብለው ወደ ቤት መልሰውኝ ነበር። እትዬ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠመኔ ይዛ መጣች፤ በአሥራ ሁለቱ ደረጃ ላይ አንዳንድ ፊደል ጻፈች፤ ከታች ተቀምጣ «ውጣ» አለችኝ። ፊደሉን ካወቅሁት ረግጬው ወደሚቀጥለው እወጣለሁ። ከተሳሳትኩ ወደ ታች፣ ወደ እሷ እመለሳለሁ። ነጋ ጠባ ይህንኑ አደረገች። እናታችን ደረጃውን በጠመኔ አቆሸሻችሁት ብላ ስትጮህ፣ የምትወለውለው እትዬ ነበረች። ዛሬ በጋዜጣ ላይ ስሜ ወጥቶ የምታዩት በዚያ ደረጃ ወጥቼ ነው። እኛ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይነገርም፤ ብንሞክረው ሁለታችንም እንስቃለን። ስለዚህ በአፌ ልነግራት ያልቻልኩትን ሁሉ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ጻፍኩት። ስድስቱ ዓመት ያለቀው ለእነዚያ አሥራ አንድ ገጾች ነው። የቀረው ስለ ደረጃ የጻፍኩት ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ለመድረስ ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ነው።

«ደረጃ ላይ ናት» አለኝ።

«ወደቀች እንዴ?»

«ኧረ የለም። ያንተን መጽሐፍ ነው የያዘችው።»

ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ። አራት ዓመት! ኮቴን አጠለቅሁ፤ አንዱን እጅጌ እንዳጠለቅሁ ግን ክው አልኩ። እትዬ መጽሐፍ ዝም ብላ አታነሣም። ስትደሰት እልቂት ነው። ሲከፋት ሲሚንቶ ነው። ስትናደድ ንብ ነው። ታዲያ አሁን ምን ሆና ነው? ቁጭ ብዬ በጭንቅላቴ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። አንድ ነገር ጎደለኝ። እትዬ ስትፈራ ምን እንደምታነብ አላውቅም ነበር፤ ፈርታ አይቻት ስለማላውቅ።

ሱቋ እንዴት እንደደረስኩ እንጃ። እትዬ የስፌት መኪናውን አቁማ፣ መስኮቱ ጋ ተጠግታ፣ መጽሐፌን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ታነባለች። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ባንድ ላይ የመጣብኝ። ከወር በፊት መርፌዋ ውስጥ ክር እንዳስገባላት ሦስት ጊዜ ለምናኛለች፤ እጄ ለምዶ እንደሆነ ብዬ ኮራሁ። አንዱ ደንበኛ አንዱ እግሩ የረዘመ ሱሪ መልሶ አምጥቶ ነበር፤ ንብ ላይ ስለሆነች ነው ተባባልን። ጣቶቿ ላይ ፕላስተር አይቼ ነበር፤ ሁለት ቦታ። ይህን ሁሉ ዓመት እትዬ የያዘችውን መጽሐፍ ስናነብ ኖረን፣ እንዴት እንደያዘችው ያየ ከመሃላችን አልነበረም። በራሴ አፈርኩ።

«እትዬ» አልኳት።

«አታቋርጠኝ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ። ስለ ጠመዝማዛ ደረጃ እንዲህ አብዝተህ መለፍለፍህ ምን ቆርጦህ ነው?»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ያንተን መጽሐፍ ለማንበብ የግድ የሆነ ነገር መሆን አለብኝ?»

«አንቺ አዎ።»

መጽሐፉን ጭኗ ላይ አደረገችው። «ዓይኔን ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው። ማክሰኞ። ግራውን።»

«ግራውን!»

«ሌላማ የት አለኝ? ሞራው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ከሥሩም ሌላ ችግር አለው አለችኝ ሐኪሟ። ጥሩ ልጅ ናት፤ አትዋሽም። ‹ደህና ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ኦፕራሲዮኑ ቢቀር ግን ብርሃኑ እየጠፋ ነው የሚሄደው› አለችኝ።»

የጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገርሽንም?»

«ጋሼ ቤቱን እንደገና ከመሠረቱ እንዲሠራው?»

አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀችም። «መነጽራሙ ጋ ሄጄ ነበር» አለችኝ። «ምናልባት የመጨረሻዬ ከሆነ ደህና ነገር ልያዝ ብዬ። ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ መደርደሪያውን ጨረስኩት። አንዱም ጉልበቴን አላጠፈውም። ያ ምስኪን ወንበር ይዞ ከኋላ ከኋላዬ ሲዞር ዋለ። ከዚያ እዚህ መጣሁና ያንተን አወረድኩት።»

«ጉልበትሽ ታጠፈ?»

«ቁጭ ብዬ ነው የጀመርኩት።»

ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

እስከ ሰኞ አነበበች። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ ስንት ገጽ እንደቀራት አየሁ። አንድ ጊዜ «ላንብብልሽ?» ብላት፣ «በሰው ድምፅ ስሜት አይመጣም» ብላ አባረረችኝ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስገባ መጽሐፉ ተዘግቷል። መለኪያ ሜትሯ እንደ ዕልባት ሆኖ ከመጨረሻው ገጾች መሃል ተንጠልጥሏል። ገለጥኩት። አሥራ አንድ ገጽ ይቀራል። በትክክል አሥራ አንድ።

«እትዬ! ጨርሺው እንጂ!»

«አልጨርሰውም።»

«የመጨረሻው ምዕራፍ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማልጨርሰው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የማነበው ነገር ይኑረኝ።»

የደነገጥኩትን ድንጋጤ በምን ቃል ልንገራችሁ! ባይሳካስ? ብዬ አልጠየቅኋትም። አንዲት ሴት በሕይወቷ አንዲት ዓይን ኖሯት፣ አሥራ አንድ ገጽ እንድታነብ ስለምናት፣ በኋላ አነበዋለሁ ትላለች! ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራዋን ስትጠብቅ አላስቻለኝም። በአፌ ልነግራት ወሰንኩ።

«እትዬ፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያለው ነገር...»

«እንዳትነግረኝ!» ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። «አንድ ቃል ብትናገር አላነበውም!»

«ምናልባት ግን...»

«ላ ላ ላ ላ» ብላ ኮሪደሩን በሙሉ ወደ እኛ አዞረችው። ጋሼ በበኩሉ ወንበር ላይ ቆሞ የሚርገበገበውን የኮሪደር መብራት ይጠግን ነበር። ማንም ጠግን አላለውም። ነርሷ መጥታ እትዬን ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። መጽሐፉን እኔ ያዝኩት።

ስምንት ቀን ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ቆየች። መጽሐፉን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር። እኔ እነዚያን ስምንት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ ባልናገር ይሻላል። በዘጠነኛው ቀን ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታ ጋሼ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ዓይኗን ከፈተች። ጨፈነች። ከፈተች።

«ምን ይታይዎታል፣ እናቴ?» አለች ሐኪሟ።

ዝም።

«እናቴ?»

«ይቺን ጋውን ማን ነው የሰፋልሽ?» አለች እትዬ። «ቀኝ እጅጌው ጠማማ ነው።»

ጋሼ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ አለቀሰ። ሐኪሟ እየሳቀች እጅጌዋን አየች፤ እውነትም ጠማማ ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደሎች እንድታነብ ጠየቀቻት። እትዬ እስከ መጨረሻው ረድፍ ወረደችና፣ «ይኼ ታሪክ የለውም፤ እኔ የማነበው ነገር አለኝ እኮ» ብላ ወደ እኔ እጇን ዘረጋች።

ከትራሷ ሥር አንሥቼ ይዤላት የመጣሁትን መጽሐፍ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ሜትሩን መዝዛ አንገቷ ላይ ጣለች፣ ቆማ ማንበብ ጀመረች። ሐኪሟ «ይቀመጡ እንጂ» ስትል እኔ በምልክት ዝም አሰኘኋት። ወንበር አንሥቼ ከኋላዋ ቆምኩ። መነጽራሙን ያን ሁሉ ዓመት ታዝቤዋለሁ፤ አሁን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ዓይኔን ከጉልበቷ መንቀል አልቻልኩም።

አንደኛው ገጽ። ቀጥ።

ሁለተኛው ገጽ። ቀጥ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ጠመኔ የሚለው ቃል አለ። እዚያ ስትደርስ ቀኝ ጉልበቷ እጥፍ አለ፤ ግራው ተከተለው። ወንበሩን ከሥሯ አደረስኩ። ተቀመጠች። አሥራ አንዱንም ገጽ አነበበች፤ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። አራት ዓመት የጠበቅሁት፣ ምናልባትም ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የጠበቅሁት ነገር አሁን ከአፏ ሊወጣ ነው።

መጽሐፉን ዘጋችው።

«አሥራ ሦስት ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ደረጃው። አሥራ ሁለት ብለህ ጽፈሃል። ምን ዓይነት እውነተኛ መጽሐፍ ነው ይኼ?»

«እትዬ፣ በየቀኑ አሥራ ሁለት ፊደል ነበር እኮ የምትጽፊልኝ። አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ።»

«ፊደሉ አሥራ ሁለት ነው። ደረጃው አሥራ ሦስት ነው።» መዳፏን አምጥታ ጉንጬ ላይ አደረገች፤ ዓይኗ ውስጥ ውኃ እንዳይገባ ተከልክላ ሳለ ሞልቶ ነበር። «የታችኛው ላይ አልጻፍኩበትም። ብትወድቅ ልይዝህ እሱ ላይ ተቀምጬ ነበራ።»

መጽሐፌ እጃችሁ የገባ ጥቂት ወገኖቼ፣ እባካችሁ ገጽ ሁለት መቶ አራትን አውጡና በብዕር አርሙልኝ። አሥራ ሦስት ነው።